አስካለ ስም ስትጠራ

አስካለ መሞቷን የነገራችሁኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። አውቃለሁ፣ ደም ግፊቴን ፈርታችሁ ነው። እናትሽ ከሁለት ጎረቤት ጋር በማለዳ በሩን ስታንኳኳ "ማን ነው?" እንኳን አላልኩም። ሦስት ሴት በዚያ ሰዓት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለምን እንደምትመጣ የማላውቅ ልጅ ነኝ እንዴ? "ማን ነው የሞተው?" አልኳቸው። "አስካለ" አሉኝ። በቃ፣ አለቀስኩ፣ ውሃ ሰጣችሁኝ፣ መድኃኒቴን ዋጥኩ፣ ይኸው ደህና ነኝ። ቀብሯ ላይ ግን አልቆምኩም። ለቅሶ ቤቷ ተቀምጬ "እንዲህ ነበረች" ብዬ አላወራሁላት። እሱ ነው የቆጨኝ። ስለዚህ እስቲ ቁጭ በይና ጻፊልኝ። እንደምናገረው ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው።

ያን ጊዜ ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ላይ ጽዳትና ሻይ ነበር ሥራዬ። ሦስተኛው ላይ የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎች ቢሮ ነበረ፣ ከጎኑ ትልቅ አዳራሽ። ተምረው የወጡት ሰዎች፣ ሐኪሙ በለው፣ ኢንጂነሩ በለው፣ ነጋዴው በለው፣ እዚያ ይሰበሰባሉ። ንግግር ይሰማሉ፣ ይበላሉ፣ የድሮውን እያነሱ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ለተማሩበት ቤት የሚሰጡትን ይሰጣሉ። ይሄን ሁሉ የምታሰናዳው አስካለ ናት። ማን ይናገር፣ ስለ ምን ይናገር፣ ስንት ደቂቃ ይናገር፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ፣ ሁሉም በሷ ነው። የቂርቆስ ጎረቤቶቼ "አለቃሽ ሥራዋ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ሰው ታናግራለች" እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ምን ልበል ታዲያ? ሥራዋ እሱ ነዋ።

አጭር ናት፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካል። እርሳሱን ትረሳውና ቢሮውን ታምሰዋለች።

"እትዬ ብርቄ፣ እርሳሴን አይተዋል?"

"ራስሽ ላይ ነው።"

"ውይ! ለጋሾቹን ሁሉ እንዲህ ሆኜ ነው የሸኘኋቸው?"

የመጀመሪያ ቀን "ሻይ ላምጣልዎት?" ስላት ቀና ብላ አየችኝና "እናቴን ያህላሉ፤ አንቺ ካላሉኝ ሻዩ ይቅርብኝ" አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አፌ እምቢ አለኝ። እሷም አንድ ሳምንት ሻይ ሳትጠጣ ዋለች። በስምንተኛው ቀን "እንቺ!" ብዬ ጠረጴዛዋ ላይ ዱቅ አደረግኩላት። "እንዲህ ነው እንጂ" ብላ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው።

አንድ አመል ነበራት። የሚናገር ሰው ሁሉ፣ የፈለገ ትልቅ ሰው ይሁን፣ ከቀኑ በፊት መጥቶ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ይለማመዳል። የሚሰማው ማን ነው? እኔ! መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሦስተኛው ረድፍ እቀመጣለሁ። አንድ ፕሮፌሰር ትዝ ይሉኛል፣ ረጅም፣ ክራቫት ያሰሩ። እኔን አዩና "እኚህ ሴትዮ ምን ሊያደርጉ ነው?" አሏት።

"ሊሰሙዎት ነው።"

"አይ፣ ማለቴ… ተምረዋል?"

"አልተማሩም። ቅዳሜ ከሚመጣው ሰው አብዛኛውም የርስዎን ትምህርት አልተማረም። ይጀምሩ በቃ።"

ጀመሩ። እኔ ልሙት፣ እንቅልፍ ሊጥለኝ ሲል በጥፍሬ እጄን እየቧጠጥኩ ነው የጨረስኩት። ሲያበቁ አስካለ "እትዬ ብርቄ፣ ምን አሉ?" አለችኝ።

"መሬቱ ደክሞታል፣ ይረፍ ነው የሚሉት።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን እግዜር ይወቅላቸው።"

ሰውዬው ቀሉ። እሷ ግን ሳቅ እንኳ ሳትል "ይኸው፣ ንግግርዎ ይቺ ናት። የቀረውን መጽሐፍ ላይ ያውሉት" አለቻቸው። ቅዳሜ ዕለት አጭር አድርገው ተናግረው ሲወርዱ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ከዚያ ወዲህ ቢሮ በመጡ ቁጥር "ዳኛዬ የት አሉ?" ሳይሉ አይሄዱም።

ወረቀት ይዞ መናገር አትፈቅድም። "ሰዉ ቅዳሜውን ሰጥቶናል፣ ቀልድ አይደለም" ትላለች። ከኋላ በሩ ጋ ትቆማለች። መነጽሯን ስታወልቅ አምስት ደቂቃ ቀረ ማለት ነው። መልሳ ስታደርገው በቃ ማለት ነው። አልሰማ ካለ በመሀል ባለው መንገድ ቀስ እያለች መራመድ ትጀምራለች፣ በዚያ ተረከዟ ቋ፣ ቋ። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ያቆማሉ። ክፉም ነበረች እኮ፣ አልዋሽም። አንዴ ወንበሩ ተጣሟል ብላ አዳራሹን በሙሉ እንደገና አሰልፊ አለችኝ። ተናድጄ ስረግማት ጫማዋን አውልቃ መጣችና ከወዲያ ጫፍ መጎተት ጀመረች። አብረን ጨረስነው። ይቅርታ የምትጠይቀው እንደዚያ ነው፤ በአፏ አታውቅበትም።

በዓመት አንድ ጊዜ ትልቁ ስብሰባ አለ። የዚያን ቀን መጨረሻው ላይ፣ በዓመቱ ውስጥ ከቀድሞ ተማሪዎቹ የሞቱት ስም ይጠራል፣ ሰው ሁሉ ይቆማል። ለዚህ ነገር እንደሷ የሚጨነቅ አላየሁም። አንድም ስም ቤቱ ድረስ ሳትሄድ አታስገባም። "ሞቱ ወይ ተብሎ በስልክ አይጠየቅም" ትላለች። እኔን ይዛኝ ነው የምትሄደው፣ ኦሎምፒያም ይሁን የት። ከበሩ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ድንኳን ካለ፣ ጫማ በር ላይ ከበዛ፣ ገብተን እንቀመጣለን፣ ንፍሮ እንቀምሳለን፣ ከዚያ ቀስ ብላ ለሚስት ወይም ለልጅ "ስማቸው እንዲጠራ ይፈቅዳሉ?" ትላለች። አንዷን ቂርቆስ ከኛ ሰፈር ጀርባ ያለችውን አልረሳትም። ባሏ መምህር ነበር። "ስሙን በማይክ ሊጠሩልኝ? ያን ሁሉ ሰው ፊት?" አለች። አስካለ "እርስዎም መጥተው ይሰማሉ፣ ቃሌ ነው" አለቻት።

የምነግርሽ የዚያን ዓመት ነው።

ዋና ተናጋሪዋ ዶክተር ጽጌ ነበሩ። የሴት ሐኪም፣ ስንቱን ያዋለዱ፣ ሸምገል ያሉ ግን ቀጥ ብለው የሚሄዱ። ለሴቶቹ ማደሪያ ውሃ ላስገባ ብለዋል። አስካለ ለልምምድ ስትጠራቸው በስልክ ሳቁባት። "ልጄ፣ እኔ የማወራው ሰርፕራይዝ ነው፤ አስቀድሜ አላወራም" አሉ። አስካለም ተወቻቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሳታለማምድ መድረክ ላይ ያወጣችው እሳቸውን ብቻ ነው።

ሊሰበሰቡ ጥቂት ቀን ሲቀር ደግሞ ኢንጂነር ወንድይራድ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ጆሯቸው አይሰማም፣ ሲያወሩ ፎቁ ይነቃነቃል። "ጓደኛዬ ሰይፉ አበጋዝ ስዊድን አገር ሞተብኝ፣ ስሙ ይግባልኝ!" አሉ። ስዊድን ታክሲ ይዘን አንሄድ ነገር። አስካለ ለልጁ ደወለች። ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፣ አማርኛውም ስብርብር ያለ፣ የኛን ወግ ከየት ያውቀዋል? "አዎ፣ ቀበርነው፣ ስሙን ጥሩልን" አላት። እሷም ጻፈችው። ከሌሎቹ ስሞች ጋር በፕሮግራሙ ወረቀት መጨረሻ ገጽ ላይ ታተመ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እየቀዳሁ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ገባች። የዶክተር ጽጌ ልጅ ናት፣ ማርታ።

"ማዘር፣ ይሄን ማነው የጻፈው?"

"ምኑን?"

"ሰይፉ አበጋዝ የእማዬ ወንድም እኮ ነው! እማዬ አልተረዳችም! አክስቶቼ ዛሬ ማታ ከደሴ ይገባሉ፣ ነገ ጠዋት ልንነግራት ነበር!"

እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ አመለጠኝ። በአንድ እናት ናቸው ለካ። የዶክተሯ አባት መንገሻ፣ የሰይፉ አባት አበጋዝ። ስማቸውን ጎን ለጎን ብታይ ማን እህትና ወንድም ናቸው ይላል?

ሮጬ አስካለን ጎተትኳት። ስትሰማ እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘችና በእጇ ያዘችው። ከዚያ "ወረቀቱን አይተዋል?" አለች።

"መነጽሯ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ካለሱ አታነብም" አለች ማርታ።

"እንዳትሰጪያት።"

የቀድሞ ተማሪዎቹ ሊቀመንበር መጡ። ስም የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። "በቃ ዘንድሮ ስም መጥራቱ ይቅር" አሉ። አስካለ በመጋረጃው ቀዳዳ አሳየቻቸው። ያቺ የቂርቆሷ፣ ጥቁሯን ለብሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። "ቃል ገብቼላታለሁ" አለች።

"እንግዲያው የሰይፉን ብቻ እንዝለለው።"

"እሺ። ኢንጂነሩስ?"

ሁላችንም ዞረን አየን። ኢንጂነር ወንድይራድ የት የተቀመጡ ይመስልሻል? ከዶክተር ጽጌ አጠገብ! ያስቀመጠቻቸው ራሷ አስካለ ናት፣ ሁለቱም ጨዋታ ያውቃሉ ብላ። የጓደኛቸው ስም ሲዘለል "ሰይፉስ?" ብለው አዳራሹን ማናጋታቸው ነው። ቀድመን እንንገራቸው እንዳንል፣ ለሳቸው በሹክሹክታ አይነገር! አንድ ቃል ለማሰማት መጮህ አለብሽ። ሊቀመንበሩ ከውጭ ስልክ መጣልዎት ብለን እናስወጣቸው አሉ። ያንን እያሰቡ ሳለ መድረክ መሪው "ዶክተር ጽጌ!" ብሎ ጠራ። ጭብጨባ ቀለጠ።

ዶክተሯ ወጡና ማይኩን ያዙ።

"ሰርፕራይዝ አለኝ ብያችሁ ነበር" አሉ። "ውሃ የማስገባው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወንድም አለኝ፣ ሰይፉ የሚባል።"

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። መጀመሪያ አንዱ ጋ፣ ከዚያ እዚያ ጋ፣ ከዚያ በየቦታው። የመጨረሻውን ገጽ ነው። ከዚያ ዝም አለ አዳራሹ።

እሳቸው መች ገባቸው። የጣፈጠላቸው መስሏቸው ቀጠሉ። ተማሪ ሳሉ የሴቶቹ ማደሪያ ውሃ ለሳምንት ይጠፋል። ወንድማቸው በየጠዋቱ በጀሪካን ተሸክሞ የሴቶቹ በር ላይ ያስቀምጥላቸዋል። ጓደኞቻቸው "ለኛስ?" ሲሉ ለነሱም መሸከም ጀመረ። ዘበኞቹ ቦቴ የሚል ስም አወጡለት። ሲመጣ "ቦቴው ደረሰ! ባልዲ አውጡ!" እያሉ ይጮሃሉ። እሱም እንደ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ይገባል። ዶክተሯ ያንን ጥሩምባ በአፋቸው አሰሙ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር ያ አዳራሽ። ጥቂት ሰው እንደ ምንም ብሎ ሳቀላቸው። ሳቅ ውስጥ እንዲያ ያለ ማልቀስ ሰምቼ አላውቅም።

"የማስገባው የውሃ ታንከር ላይ ስሙ ይጻፋል" አሉ። "ለገና ይመጣል። በር ላይ ወስጄ አቆመዋለሁ፣ ያን ጊዜ ያየዋል። አደራችሁን፣ የምታውቁት አላችሁ፣ እንዳትነግሩብኝ!"

አስካለን ፈለግኳት። በሩ ጋ ቆማለች። የተሰጣቸው ሰዓት አልቋል። መነጽሯን አላወለቀችም። አልተራመደችም። ዶክተሯ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ ወንድማቸው አስቂኝ አረማመድ ሲያወሩ፣ የሌላው ፕሮግራም ሰዓት ሲያልፍ፣ ዝም ብላ እንደ ችካል ቆመች። ጨርሰው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ሮጥኩ። ኢንጂነሩ አፋቸውን ቢከፍቱ ምን እንደማደርግ ራሴ አላውቅም፤ ልደፋባቸው ነበር መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኢንጂነሩ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ዘግይቶም ቢሆን ሰምተዋል፤ ዶክተሯ የጓደኛቸው እህት እንደሆኑ ያወቁት ገና አሁን ነው። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ገልብጠው በመዳፋቸው ሸፍነውታል።

"ምነው ኢንጂነር?" አሏቸው ዶክተሯ።

ሽማግሌው አዩዋቸው። ከዚያ በዚያ በሚያናጋው ድምፃቸው "ውሃው ነው! እኛ ወንዶቹም ጋ እኮ ውሃ አልነበረም!" አሉ።

ዶክተሯ ሳቁና እጃቸውን ያዙላቸው። እኔም ሻዩን ቀዳሁ። ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ።

ስም የሚጠራበት ደረሰ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ይዘው ደረጃው ጋ ሲደርሱ "አልችልም" አሉ። አስካለ ወረቀቱን ተቀበለቻቸውና ወጣች። መድረክ ላይ ስትወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ሰው ሁሉ ቆመ። ዶክተር ጽጌም ቆሙ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ የሰው ሐዘን ብለው። አንድ በአንድ ጠራች። የሰይፉ ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ቸኩላ አልዘለለችውም። አንድ ሰው ከነአባቱ ስም የሚጠራበትን ያህል ዝም አለች፣ ከዚያም ትንሽ ጨመረችበት። የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ሰበረ። ቀጥላ የቂርቆሷን ባል ጠራች። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና፣ ሰላም እንዳሏት ሁሉ ጎንበስ አለች። ሰዉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተበተነ። ዶክተሯንም እየሳመ ሸኛቸው።

እሁድ ማለዳ አስካለ ታክሲ ይዛ ቂርቆስ መጣች። "ሊያባርሩኝ ይችላሉ። አብረውኝ ይምጡ" አለችኝ። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። መስቀል ፍላወር ቤታቸው ስንደርስ የደሴዎቹ አክስቶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ማርታም ግቡ አለችን። አረዷቸው። ያንን አልነግርሽም፣ መርዶ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ፀሐይ ስትወጣ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ፣ ዶክተሯ ዓይናቸውን አነሱና አስካለን አዩዋት።

"አንቺ" አሏት። "ትናንት ስም ስትጠሪ መሀል ላይ ዝም ብለሽ ነበር።"

"አዎ።"

"የሱ ነበር?"

"አዎ፣ የሱ ነበር።"

"አዳራሹ ሁሉ ያውቅ ነበር?"

"ወረቀቱ ላይ ታትሞ ነበር።"

"እኔ እዚያ ቆሜ ጥሩምባ ስነፋ?"

እኔ ልናገርላት ብዬ ቃሉ አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት። አስካለ ተነስታ ቆመች። "የሞተበትን ቤት ጠየቅኩ" አለች። "ያልተረዳ ሰው ይኖር እንደሆን አልጠየቅኩም። እርስዎንም ማለማመድ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።" በቃ ይሄንኑ ነው ያለችው። ስለ አባት ስም መለያየት አላነሳችም፣ ስለ ስዊድኑ ልጅም አላነሳችም።

ዶክተሯ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። "ሰዓቴ አልፎ ነበር፣ አይደል?"

"አልፎ ነበር።"

"አንቺ ሰው በማስቆም የታወቅሽ ነሽ። እኔን ለምን አላስቆምሽኝም?"

"እርስዎ ጋ ገና አልሞተም ነበር" አለች። "ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።"

ዶክተሯ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲናጥ አየሁ። አባረሯት ስል፣ ነጠላውን ገለጥ አደረጉ።

"በይ አሁን ጥሪው" አሏት። "ከነአባቱ።"

አስካለ ወረቀት አልያዘችም፣ ማይክ የለ። እዚያው ለቀስተኛው መሀል እንደቆመች "ሰይፉ አበጋዝ" አለች። አክስቶቹ ተነሱ። ማርታ ተነሳች። ጎረቤቱ፣ እኔም ጉልበቴን ይዤ፣ ቤቱ በሙሉ ቆመ። ዶክተር ጽጌ ብቻ እንደተቀመጡ ቀሩ። አንዷ አክስት ክንዳቸውን ይዛ ልታነሳቸው ስትል እጇን ቀስ አድርገው መለሱላት።

"እኔ ትናንት ቆሜለታለሁ" አሉ።